ክርክሬን ሁሉ ያሸነፍኩበት ቅዳሜና እሑድ

ሰው ሁሉ እሺ ሲለኝ ደስ አይለኝም። የልጅ ልጆቼ ይህን የእርጅና ጠባይ ነው ይላሉ። አንዷ እንዲያውም፣ «አያቴ፣ እምቢ ብንልሽ ትቆጪያለሽ፣ እሺ ብንልሽ ትቆጪያለሽ፤ ታዲያ ምን እንበልሽ?» ብላኛለች። ተከራከሩኝ ነው የምላት። የሚከራከርሽ ሰው ቢያንስ እኩያው አድርጎሻል። ዝም ብሎ እሺ የሚልሽ ግን ወይ ንቆሻል፣ ወይ አዝኖልሻል፣ ወይ የሚያውቀውን ነገር ደብቆሻል። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ከትምህርት ቤትማ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ልጄን ይዤ ዓሣ ለማጥመድ በወጣሁበት አንድ ቅዳሜና እሑድ ነው።

አንባቢን ማታለል ስለማልወድ አስቀድሜ እናገራለሁ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት የባሌ የሞት ወሬ ቀበሌያችን ደርሶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጄ ብቻ ነበርን። እንግዲህ እናንተም እንደ ጎረቤቶቼ ከእኔ ቀድማችሁ አወቃችሁ።

ባሌ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር። በወጣትነቱ ጥቂት ዓመት ወታደር ሆኖ ስለነበር፣ የሰሜኑ ጦርነት ሲከርር የድሮ ወታደሮችን እየሰበሰቡ መልሰው ሲያዘምቱ እሱንም ወሰዱት። ከአብዮቱ በፊት ሆቴሉ ያርፍ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ትቶለት ነበር። የሐይቅ ዳር ልጆች ከሚያጠምዱበት ሸምበቆ ጋር አይገናኝም። ቀጭን ነው፤ እንደ አለንጋ ይተጣጠፋል። ትል አይሰካበትም። መንጠቆው ላይ ላባ በክር ተጠምጥሞ ዝንብ ይመስላል፤ ዓሣው ዝንብ ወደቀልኝ ብሎ ብቅ ሲል ይያዛል። የፈረንጁ ዝንቦች አንድ በአንድ ሲያልቁ ባሌ ራሱ መሥራት ጀመረ። ክሩን ከስፌት ሣጥኔ ይሰርቃል፣ ላባውን ከሐይቁ ዳር ይለቅማል። የአባ ኮዳን ላባ ግን አይነካም። «ጥንብ የሚበላ ወፍ ላባ ዓሣ ያባርራል» ይላል።

እሑድ እሑድ ልጅቷን ይዟት ይወርድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዘንጉን ወደኋላ ወደፊት ሲያወናጭፉ ይውሉና ድመት የማታጠግብ አንዲት ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። «የሥራ ፈት ጅራፍ» ብዬ እስቅባቸዋለሁ። ሲዘምት ለልጁ፣ «ስመጣ ወርውረሽ ታሳይኛለሽ» አላት። ከዚያ በኋላ ልጄ ግቢያችን ውስጥ መንጠቆውን አውልቃ፣ በባዶ ክር አፈር ላይ ስትወረውር ሦስት ዓመት አሳለፈች። የባሌ ደብዳቤ ከቆመ ከርሟል። እኔ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸርኩ፣ ማታ ማታ ወሬ እየጠየቅኩ እኖራለሁ።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌውም ዘመዱም ጎረቤቱም ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። እስከዚያ ድረስ የሟች ቤተሰብ ወሬው እንዳይደርሰው ሠፈር ሁሉ አፉን ይይዛል። ሩቅ ያለው ወንድም እስኪመጣ፣ ድንኳኑ እስኪገኝ፣ ንፍሮው እስኪቀቀል ይጠበቃል። ሰው ደግነት ይለዋል። እኔ ሌብነት ነበር የምለው። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ አዲስ አበባ ሞቶ፣ እኛ ሁላችን እያወቅን፣ እሷ ገበያ ወጥታ ለሟች ልጇ ሹራብ ስትገዛ አይቻለሁ። ተከራክራ ዋጋ አስቀንሳ እየሳቀች መጥታ አሳየችን። «ያምርበታል» አልናት። እኔም ብያታለሁ።

በማግስቱ መርዶው ተነግሮ ስንመለስ፣ የዕድራችንን የሴቶች አለቃ አሮጊቷን ጎረቤቴን መንገድ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ይስሙኝ» አልኳቸው። «የእኔ ከመጣ በመጣበት ሰዓት ይንገሩኝ። ገበያም ብሆን፣ ሌሊትም ቢሆን። ሹራብ እንዲያስገዙኝ አልፈልግም።»

«አንቺ ልጅ ሟርተኛ ነሽ! በአፍሽ ጥሪው!»

«ይማሉልኝ።»

«ማርያምን፣ እነግርሻለሁ» አሉ። ማሉልኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤቴ መጡ። ልጄ ደጅ ላይ ክሯን ትወረውራለች። እሳቸው ቆመው ብዙ አዩዋት።

«ይህችን ልጅ ለምን ሐይቅ አታወርጃትም?» አሉኝ። «ቅዳሜና እሑድ እዚያው ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ቤት አድራችሁ ኑ። አባቷ ከሄደ አንድ ቀን አልወረደችም።»

«ገበያዬስ?»

«እኔ እቀመጥልሻለሁ።»

«እርስዎ? በዚያ በወገብዎ? እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ።»

«ለቀበሌውም እኔ እነግርልሻለሁ።»

ሰው እንዲለምንልኝ አልወድም። ራሴ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሠፈሩ ያደገ፣ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበር፤ ሌላው ጓድ ሊቀመንበር ሲለው እኔ አንተ ነው የምለው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ይከለከል ነበርና፣ ከዚህ ሰው ጋር በስኳር ያልተጣላንበት ወር የለም። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ጠበቃችን መጣች! ክሱ ምንድነው ዛሬ?» እያለ ሰው ያስቅብኝ ነበር።

ያን ቀን አልሳቀም። መንገድ ላይ የሸመደድኩትን ጀመርኩ።

«እሑድ ስብሰባ አልመጣም። ምክንያቴም—»

«ሂጂ።»

«ምክንያቴን መች ሰማህ?»

«አያስፈልግም። ሂጂ፣ እህቴ።»

እህቴ ሲለኝ መሸነፉ ነው ብዬ ልቤ አበጠ። በዚያው ያደረውን ቁስል አነሣሁበት።

«እንግዲያው ባለፈው ወር የተያዘብኝ ስኳርስ? ልጅ ታሞብኝ ነው የቀረሁት፤ የሐኪም ወረቀት አምጥቻለሁ። ያንተ እህት ከነጭራሹ ሳትመጣ ወሰደች።»

ይህን በሰው ፊት ብናገር በሌላ ቀን ያሳስረኝ ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ ባለሱቁን ጠራና፣ «ስጣት» አለው። ባለሱቁም ሲሰፍር ጣቱን ሚዛኑ ላይ አላሳረፈም። እንዲያውም ጨመረ። የጨመረውን መለስኩለት፤ የእኔ ይበቃኛል አልኩት።

እየበረርኩ ወደ እትዬ ሄድኩ። «አንበረከክሁት!» አልኳቸው። «እውነት ይዘው ከቆሙ የማይንበረከክ የለም። አንድ ቃል አልመለሰልኝም፣ እትዬ! ቢያዩት እንደ በግ ነው የሆነው!»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ጎበዝ» አሉ። «አንቺማ ጎበዝ ነሽ።»

ቅዳሜ በጠዋት ከታቦር ተራራ ሥር ተነሥተን ወረድን። ልጄ ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊት ፊት ትሄዳለች። እኔ ስንቅና ብርድ ልብስ ተሸክሜ ከኋላ። የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ሸምበቆው ጥግ ነው። ሲዳማ ናቸው፤ የባሌ ወዳጅ፣ ዘንጉን ሲያዩ «ይህ ደግሞ ሐይቁን የሚገርፍ አለንጋ ነው» እያሉ የሚቀልዱበት ሰው። በእኔም ይቀልዳሉ። «ሚስትህን ወደዚህ አታምጣት፤ ሐይቁን ትከስብናለች» ይሉታል።

ያን ቀን ቀልድ አልነበረም። ልጄን ጭንቅላቷን ይዘው ሳሟት፣ እኔን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ሐይቁን ልከስ ነው የመጣሁት» ብዬ ራሴ ጀመርኩላቸው።

ሳቁ፤ ግን ዘግይተው ነው የሳቁት። ሚስታቸው አማርኛ ብዙም አትችልም። እጄን ያዘችኝና አልለቅ አለች። እኔ ሰው ሲወደኝ ብርቅ ስለሚሆንብኝ ደስ ብሎኝ ተውኩላት።

ውኃው ዳር ልጄ አስተማሪ ሆነች። አባቷ እንደሚያደርገው ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና ዘንጉን ወደኋላ ሳበችው። ክሩ ከራሷ በላይ ተጉዞ ከኋላዋ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ከዚያ ወደፊት። ዝንቧ ውኃው ላይ ያለ ድምፅ አረፈች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ግቢ ውስጥ የምትጫወት ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ልጅቷ ሙያ ይዛለች።

«አሁን አንቺ» አለችኝ።

ያዝኩት። ወደኋላ፣ ወደፊት። ክሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«እማ፣ ቸኮልሽ! ከኋላሽ እስኪዘረጋ ጠብቂ እንጂ!»

«ከኋላዬ ያለውን በምን አየዋለሁ? ዓይን የለኝ ከማጅራቴ!»

«አይታይም። ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አባዬ እንደዚያ ነው ያለው።»

«አባትሽማ ምን አለበት፤ ቲማቲም አይበሰብስበት።»

እንደገና ሞከርኩ። መንጠቆው የራሴን ነጠላ ያዘ፤ ላላቅቅ ስዞር ተደናቅፌ ውኃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ትልቅ አምባዛ ያዝን! አባባ፣ ኑ እዩ፣ አምባዛ!» እያለች ጮኸች። እኔም ውኃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ሳቅኩ። ሽማግሌው ከጀልባቸው ጠርዝ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። አልሳቁም፤ ዘወር አሉ።

ሌላው ቢቀር ያንን ሳቅ ባልሰጡኝ እላለሁ። በውሸት የተሰጠ ሳቅ ነው። ልጄ ግን እስካሁን በዚህ አትስማማም፤ «እኔ ያንን አልመልስም» ትላለች።

ማታ ቆጮና የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። ቀኑን ሙሉ አንድም አልያዝንም ነበር፤ ዓሣውን የሰጡን እነሱ ናቸው። ሚስትየዋ የልጄን ፀጉር እንደ ሕፃን እየደባበሰች አስተኛቻት።

እሑድ ጠዋት አጥማጆቹ ትልቁን መረብ ከዳር ሆነው ሲጎትቱ ደረስን። ጾም ስለነበር ከተማው ዓሣ ይፈልጋል፤ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። እዚያ አንድ ደንብ አለ። የማኅበሩ አባል ባትሆንም፣ ገመዱን ይዘህ እስከ መጨረሻው ከጎተትክ አንድ ዓሣ ይደርስሃል። ሴትም ይሁን ሽማግሌ፣ አንድ ነው። ይህን ደንብ እወደው ነበር። በዚያ ዘመን ስለ እኩልነት ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ እውነት ሆኖ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ልጄ ራቅ ብላ ሸምበቆው ጥግ ስትወረውር እኔ ገመድ ያዝኩ። ጎተትን። መረቡ ወጣ። ዓሣ የሚያካፍለው ቀጭኑ ጎረምሳ ገበያ ላይ የማውቀው ነው፤ ሚዛኑን ሳልነቅፍ፣ እሱም «ይችን ሴት ከፊቴ አንሡልኝ» ሳይል ተለያይተን አናውቅም። ተራዬ ሲደርስ ሦስት ቆሮሶ አንሥቶ ሰጠኝ።

«ለገመድ አንድ ነው» አልኩት።

«ውሰጂው፣ እናቴ።»

«ሦስት ነው የሰጠኸኝ። ለእነዚህ ሁሉ አንዳንድ ነው የሰጠኸው።»

«ምንም አይደል።»

«እንዴት ምንም አይደል? እኚህ ሰውዬ ከእኔ ቀድመው ገመድ ይዘዋል። እኔ ግማሹ ላይ ነው የደረስኩት። እንዲያውም አንድም ላይገባኝ ይችላል!»

ወደ ጎታቾቹ ዞርኩ። «እናንተስ? አትከራከሩም? የእናንተን ድርሻ እኮ ነው የሚሰጠኝ!»

ከአጠገቤ የነበረው፣ ለአንድ ዓሣ ጭራ ደም የሚፋሰስ ሰውዬ፣ የእግሩን ጣቶች እያየ «ይሁንልሽ» አለ።

ይሁንልሽ።

ዓሦቹን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ባለሱቁ ጨመረልኝ። እትዬ ከወገባቸው ጋር ገበያ እቀመጥልሻለሁ አሉኝ። ሽማግሌው ቀልዳቸው ጠፋ። አሁን ደግሞ ይህ ልጅ እናቴ አለኝ። እኔ እንዲህ የምወደድ ሴት አይደለሁም። በሁለት ቀን ውስጥ አገር በሙሉ የተሸነፈልኝ ስለ እውነቴ አልነበረም።

ሁለቱን ዓሣ ክምሩ ላይ ጣልኩና ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ጀልባቸውን በጨርቅ ያደርቃሉ።

«አባባ፣ ባሌ ሞቷል?»

ጨርቁን አጠፉት። ዘረጉት። እንደገና አጠፉት።

«ይህ አንድ ሰው ለብቻው የሚናገረው ነገር አይደለም፣ ልጄ።»

«አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

«ነገ—» አሉና አፋቸውን ያዙ።

«ነገ ምን?»

ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ መሬት ተቀምጠው መነሣት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ የጀልባውን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አሉ። ሐዘን ቤት እንደሚቀመጥ ሰው።

ከዚያ በኋላ አዎ ማለት አያስፈልግም ነበር።

«መቼ ሰማችሁ?»

«ሐሙስ።»

«የት ነው የሞተው? መቼ?»

«አይታወቅም።»

«መቃብሩስ?»

«ስሙ ብቻ ነው የመጣው፣ ልጄ። ሌላ ምንም አልመጣም።»

«ለምን ዝም አላችሁኝ? አስምዬ ነበር እኮ።»

«የባልሽ ወንድም ከወሎ እየመጣ ነው። ዛሬ ማታ ይገባል። ያለ ሥጋ ዘመድ ማን ይያዝሽ? ነገ ጠዋት ሊነግሩሽ ነው።»

«ዓርብ ዕለት ስኳር ተቀበልኩ» አልኳቸው። «እየፎከርኩ።»

ስኳሩ ነው የታየኝ። ሹራብ ገዝታ ያሳየችን ሴት ታየችኝ። መጮህ ፈለግኩ፤ አፌን ስከፍት ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሸምበቆው ዘረጉ። ልጄ እዚያ ውኃው ውስጥ ቆማለች። ክሯ ከኋላዋ ተዘርግቶ፣ ወደፊት ሊሄድ ሲል ነበር።

«ለሷ እስከ ነገ ይቆይላት» አሉኝ። «ዛሬን ትጫወት። አምላካችን ማጋኖ ያውቃል፣ ከዛሬ በኋላ ብዙ አትጫወትም።»

ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ አባቷ ነው፣ ልታውቅ ይገባታል፣ ሕፃን ናት ብሎ መስረቅ አይቻልም። ወደ እሷ የሄድኩትም ይህንኑ ይዤ ነው። ቃሉን አፌ ውስጥ አዘጋጅቻለሁ። አጠገቧ ልደርስ ስል ዘንጉ ጎበጠ።

«እማ! ያዘ! እማ፣ ነይ!»

ውኃው ተንቦጫረቀ። ልጄ እንደ አባቷ ወደኋላ እየተራመደች፣ ክሩን በእጇ እየሰበሰበች ሳበችው። ቢልጫ ነበረች፤ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። ልጄ መንጠቆውን ከከንፈሯ አወጣችና ባመጣነው ባልዲ ውስጥ ውኃ ሞልታ ጨመረቻት። ፊቷ ላይ የነበረውን አልጽፈውም።

«አየሽ? ዝንቧን ነው የበላችው! የአባዬን ዝንብ!»

ያዘጋጀሁትን ቃል ዋጥኩት። እነሱ ያደረጉትን አደረግኩ። ለምን እንዳደረጉትም ገባኝ። ስለገባኝ ግን ትክክል ነው አልልም፤ ዛሬም አልልም።

«አባዬ እስኪመጣ በባልዲው እናሳድጋት?» አለችኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን፣ ዓሣ በባልዲ ይኖራል ወይ፣ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ እያልኩ ጆሮዋን አደነቁረው ነበር።

«እሺ» አልኳት።

«ደግሞ እስኪመሽ እንቆይ?»

«እሺ።»

ዘንጉን አነሣችና መልሳ አወረደችው። ጎን ለጎን አየችኝ።

«ነገ ትምህርት ቤት ብቀርስ?»

ትምህርት ቤት! በትኩሳት እንኳ የማስቀራት ሴት አልነበርኩም። እኔ ያጣሁትን እንዳታጣ ብዬ በዝናብ አዝዬ ያደረስኳት ልጅ ናት። ግን ነገ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ ለምን እንደማትሄድም አውቃለሁ። ውሸት ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«እሺ» አልኩ።

ልጄ ፊቴን አየች። ውኃው ከቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«እማ፣ ለምን አትቆጪኝም?»

«ምን አጠፋሽና?»

«ትምህርት ቤት እቀራለሁ አልኩሽ እኮ።»

ልጄ ሽማግሌው ወዳሉበት ዞራ አየች። እንደተቀመጡ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«አባዬ ነው፣ አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«ቆስሎ ነው?»

«አይደለም።»

ገባት። አልጮኸችም። ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት?»

«እኔና አንቺ። እኔም አሁን ነው ያወቅኩት።»

«አሁን ያወቅሽው ዓሣዋን ከመያዜ በፊት ነው፣ በኋላ?»

«በፊት።»

ራሷን ነቀነቀች። ይህን ሒሳብ ያዘችብኝ፤ መያዟ ልክ ነው። ከዚያ ባልዲውን አነሣችና ዘንበል አድርጋ ዓሣዋን ሐይቁ ውስጥ ለቀቀቻት። ዓሣዋ አልዋኘችም። በጎኗ ተኝታ ከሸምበቆው ሥር ተንሳፈፈች። ልጄ በዘንጉ ጫፍ ገፋ አደረገቻት፣ ተገልብጣ መልሳ በጎኗ ሆነች።

ጥላት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ግን ክሩን ዘረጋችና መወርወር ጀመረች። ወደኋላ፣ ወደፊት። ምንም አልነካውም። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ አየኋት። አንዳንዴ ትቸኩልና ክሩ ከኋላዋ ሳይዘረጋ ይወድቃል፤ ሰብስባ እንደገና ትጀምራለች። የማለቅሰው ነገ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አላለቀስኩም። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ኮረብታ እስክትወርድ ወረወረች።

መንገድ ላይ አጎቷ ከወሎ እንደሚመጣ፣ ነገ ጠዋት በራችን እንደሚንኳኳ ነገርኳት። «ዛሬውኑ ግን ሁሉንም አወራርዳቸዋለሁ» አልኳት። «እትዬን፣ በማርያም ነው የማሉልኝ። ሊቀመንበሩን። ስኳሩን ፊቱ ላይ ነው የምበትነው።» እየተራመድኩ ቃሉን አንድ በአንድ አዘጋጀሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ይዤ አላውቅም።

ወደ ሠፈራችን ስንታጠፍ ከበራችን ፊት የድንኳን እንጨት ተከምሮ፣ ወንዶች ቆመው አየን። ሲያዩን ተደናገጡ። አንዱ እንጨቱን በእግሩ ወደ አጥሩ ገፋ አደረገው፤ እንደሱ ሐሳብ ሊደብቀው። እትዬ ከቤታቸው እየሮጡ ወጡ። ከበራቸው መቃን ላይ የማውቀው ከዘራ ተደግፏል፤ የባሌ ወንድም ከዘራ ነው። የቤቱ በር ወዲያው ከውስጥ ተዘጋ።

«መጣችሁ? እንዴት አመሻችሁ እባካችሁ!» አሉ እትዬ። «እንጨቱ… ለሠርግ ነው። ከዚያ ከታች ላሉት ሰዎች፣ ለሠርግ።»

በዐቢይ ጾም ሠርግ! አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ልጄ እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ጨመቀችው።

«እማ፣ ተይ» አለች በሹክሹክታ። «አጎቴ እኮ ከሩቅ ነው የመጣው።»

አየኋት። ከዚያ እትዬን አየሁ። ዓይናቸው አብጧል፤ ከሐሙስ ጀምሮ እንዳልተኙ ያስታውቃል። የያዝኩት እውነት ሁሉ እጄ ላይ እንደያዝኩት ቀረ፤ ለማንም የሚሰጥ አልሆነም። ብናገረው ባሌ የት እንደወደቀ የሚነግረኝ የለም። ባልናገረውም የለም።

«እግዜር ያስጨርሳቸው» አልኩ። «ሠርጉን።»

«አሜን» አሉ እትዬ። ምሽቱን ወጥ አመጡልን። ልጄ በላች። «ጣፈጠኝ፣ እትዬ» አለቻቸው። ዓሣ ይዘን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «አንድ ይዤ ለቀቅኳት፤ ትንሽ ናት» አለች። እሳቸውም ሳቁላት። እኔ ልጄን እያየሁ፣ ይህን ሁሉ መቼ ተማረችው እላለሁ። ከእኔ አልተማረችውም።

ቤቱን ጠርገን፣ ልብሳችንን ሳናወልቅ ጎን ለጎን ጋደም አልን። ከደጅ የሰዎች ኮቴ፣ የእንጨት ድምፅ፣ ዝም በሉ የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። እኛን እንዳይቀሰቅሱን ነው የሚጠነቀቁት። ሊነጋ ሲል ድምፁ ሁሉ ቆመ። ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው መቆሙን በትንፋሻቸው አወቅነው።

በሩ ተንኳኳ።

ልጄ ከጎኔ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምፅዋን አሁን ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው አድርጋ፣

«ማነው?» አለች።